ጅቡቲ ላይ አልነሳ ያለ ሞተር ሰበብ የለውም

ቁልፉን ልቀቅ እስቲ ወንድምዬ። ሞተሪኖውን እንዲህ ስታስጮኸው ከዋልክ ማታ ሁለት ብልሽት ይዘህ ታድራለህ። አንዴ ስታዞር ከ15 ሰከንድ አትለፍ፤ እምቢ ካለ ሁለት ደቂቃ አሳርፈው። እዚህ የጭነት መኪና መቆሚያው ፒኬ 12 ላይ አየሩ ራሱ እሳት ነው፣ አንተ ደግሞ አትጨምርበት።

ያ መካኒክ «የናፍጣ ፓምፑ ነው፣ ይፈታ» ሲልህ ሰምቻለሁ። ለምን ብዬ ስጠይቀው እንዴት እንደገላመጠኝም አይቻለሁ፤ ይገላምጥ። አንተ ግን አትቸኩል። እዚህ የሚከፈለው በፍራንክ ነው፤ ፍራንኩ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ 1 ዶላር በ177 ከምናምን እንደተቆለፈ ነው። ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ስለማይረክስልህ፣ በከንቱ የተፈታ ፓምፕ አበልህን ጠራርጎ ይወስደዋል።

ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ ያግለዋል፣ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ ይነዳል። ስለዚህ ሞቃትና ጥቅጥቅ ያለ አየር ይወዳል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ሳስቷል፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ሳስቶም በርዷል፣ እዚያ ጠዋት ቢያስቸግርህ ብርዱን ታማለህ። እዚህ ግን ባሕር ጠርዝ ላይ ነህ፤ በጥር ሌሊት እንኳ ከ20 ዲግሪ እምብዛም አይወርድም። ለናፍጣ ሞተር ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም። እዚህ እምቢ ካለ የታመመ ነገር አለ።

መጀመሪያ አዳምጠው። እየተጎተተ ነው የሚዞረው ወይስ ፈጠን ብሎ? ከተጎተተ ወደ ናፍጣው አትሂድ፣ ኤሌክትሪኩ ጋ ነው ነገሩ። ሁለቱ ባትሪዎች ተያይዘው በዕረፍት ላይ ከ25 ቮልት በላይ ሊያሳዩህ ይገባል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ18 ከወረዱ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ገመዱ አያሳልፍም። ይሄ ተርሚናሉ ላይ ያለው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አሲዱና የባሕሩ ጨዋማ አየር ተባብረው ያመጡት ነው። በሙቅ ውሃ እጠበው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ አጥብቀህ እሰርና ግራሶ ቀባው። ወደ ሻንሲ የሚሄደውን ገመድም እንዲሁ፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። ሁለት ሦስቴ ካዞርክ በኋላ መጋጠሚያዎቹን በእጅህ ጀርባ ቀስ ብለህ ዳስስ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለው እሱ ነው ጥፋተኛው።

ፈጥኖ እየዞረ ካልነሳ ረዳትህ ቁልፉን ይያዝ፣ አንተ ጭስ ማውጫውን እይ። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ አልነደደም፤ ውሃ አለበት፣ ኖዝሉ ያንጠባጥባል፣ ወይም ፋሻው አልቆ ኮምፕሬሽኑ ወርዷል። ጭስ ጭራሽ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። ያንተው እንዲህ ነው፤ እንግዲህ ከርካሹ ጀምር። የሞተር ማጥፊያው ገመድ ወደ ቦታው ተመልሷል? አቧራ ይዞት ከቀረ ፓምፑ ናፍጣውን እንደዘጋ ነው፣ ሌላው ሁሉ ድካም ነው።

አሁን የሃይላንድ ጠርሙስ አምጣ። ከውሃ ማጣሪያው ሥር ያለውን ብሎን አላላና ቅዳ፣ ጥቂት አስቀምጠው። ታች የተኛውን አየኸው? ከናፍጣው ጋር የሚለየው መስመር በግልጽ ይታያል፤ ውሃ ነው። በጎደለ ታንክ በዚህ ወበቅ የጭነት ወረፋ ስትጠብቅ ሰነበትክ፤ የታንኩ ባዶ ክፍል ሌሊት ላብ ያወጣል፣ ላቡ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃና ሙቀት ሲገናኙ ደግሞ ናፍጣ ውስጥ ተሕዋስያን ይራባሉ፣ እነሱ የሚያመጡት ጥቁር አተላ ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ለወረፋ ስትቆም ታንክህን ሞልተህ ቁም።

ፊልትሮውን ቀይርና በእጅ ፓምፑ እስኪጠጥር ድረስ ምታ፣ አየሩን አስወጣ። ይነሳልሃል ብዬ አስባለሁ። ቀን በደንብ እየሠራ ሲነጋ እንደገና ካስቸገረህ ግን ናፍጣው ሌሊት ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነው፤ ቱቦና መጋጠሚያ ፈትሽ እንጂ ፓምፑን አትንካ። በቀዝቃዛው በደንብ የሚነሳ፣ ከጋላፊ ድንበር ስትገባ ግሎ ካጠፋኸው በኋላ የማይነሳ ቢሆን ኖሮ መካኒኩ እውነት ሊኖረው ይችል ነበር። ናፍጣ ሲግል ይቀጥናል፣ ያለቀ ፓምፕ የቀጠነውን ይዞ ግፊት መፍጠር ያቅተዋል።

ኤተር እንዳትነፋበት! ፋሻ ይሰብራል፤ በዚህ ሙቀት ያለ ኤተር አልነሳም የሚል ሞተር ደግሞ ደጋ ላይ በሰው ጉልበትም አይነሳም።

ባትሪህን የሚገድለው የጅቡቲ ሙቀት ነው፣ መርዶው የሚደርስህ ግን ደጋ ስትወጣ ነው። ኮምቦልቻ አራግፈህ በደብረ ብርሃን የምታልፍ ከሆነ፣ ጋላፊን ሳትሻገር በቴስተር አስለካው።