የምራቅ ምርመራና የወንድማችን ክብር



ከይርጋጨፌም ሆነ ከሌላ ቦታ መጥተን ዲላ የምንማር ሁላችን ስለ ጫት ብዙ ሰምተናል፤ ስለ ትራማዶል ግን ብዙም አናወራም። ትራማዶል ለሕመም ማስታገሻነት የሚታዘዝ ኦፒዮይድ ነው። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ደጋግሞ ለወሰደው ሱስ ይሆናል። ሞርፊንና ሄሮይንም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ዛሬ የምንማረው ከዚህ ሱስ ለመውጣት የሚታከም ሰው ስለሚደረግለት የምራቅ ምርመራ ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ኦፒዮይድ በድንገት ሲቋረጥ ላብ፣ ትውከት፣ ቁርጥማትና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ብዙዎች ወደ ዕፁ የሚመለሱት ይህን ሸሽተው ነው። ስለዚህ ሐኪሞች በክትትል፣ በቀን አንድ ጊዜ ሜታዶን የተባለ ተተኪ መድኃኒት ይሰጣሉ። በታንዛንያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳሬሰላም ሙሂምቢሊ ሆስፒታል እየተሰጠ ነው።

ለምን ምራቅ?

ታካሚው ሌላ ዕፅ መውሰድ አለመውሰዱን ለማወቅ የተለመደው የሽንት ምርመራ ነው። ሽንቱ እንዳይቀየር ሲባል ግን አንዳንዴ ሰው ቆሞ ያያል፤ ዐውራን መጠበቅ ግዴታችን ለሆነው ለእኛ ይህ ይከብዳል። ለምራቅ ግን ትንሽ ስፖንጅ በጉንጭና በድድ መካከል ለጥቂት ደቂቃ መያዝ ይበቃል።

ድክመትም አለው። ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ያለፈውን አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነው። ጫት አፍ ስለሚያደርቅ የቃመ ሰው በቂ ምራቅ ላይሰጥ ይችላል። ለሞርፊን የተሠራ መመርመሪያ ትራማዶልን አያገኝም፤ ለትራማዶል ራሱን የቻለ መመርመሪያ ያስፈልጋል። ፈጣኑ ምርመራ «ተገኘ» ካለም በላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት።

በረመዳንስ?

የራስን ምራቅ መዋጥ ጾም አያፈርስም። ስፖንጁም ምንም እስካልተዋጠ ድረስ እንደ ሚስዋክ ነው። አንዳንዱ ግን ምራቅ እንዲያመጣ ጣዕም ስለሚጨመርበት ከኢፍጧር በኋላ ቢደረግ ይመረጣል። የሚዋጠው ሜታዶን ግን ጾም ያፈርሳል። ሰዓቱ ወደ ማታ ይዛወር እንደሆነ ሐኪምን መጠየቅ እንጂ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም። አላህ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። አቋርጦ ቆይቶ የቀድሞውን መጠን መልሶ የሚወስድ ሰው ትንፋሹ ቆሞ ሊሞት ይችላል።

የእኛ ድርሻ

ውጤቱ በታካሚውና በሐኪሙ መካከል ያለ አማና ነው። የሚያገለግለውም ሕክምናውን ለማስተካከል ነው። ሱረቱል ሑጁራት መሰለልንና ሐሜትን ከልክላናለች። ስለዚህ የዶርም ጓደኛችን ትራማዶል እንደሚወስድ ካወቅን ነውሩን እንሸፍንለት፤ መሸፈን ማለት ግን ዝም ማለት አይደለም። ለብቻው እናናግረው፣ ሆስፒታልም አብረነው እንሂድ። የጤና ተማሪዎች የሆናችሁ ደግሞ ነገ ስፖንጁን የምትይዙት እናንተ ናችሁና የታካሚውን ምስጢር ከአሁኑ መጠበቅን ልመዱ።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ ለወንድሞቻችንና ለእህቶቻችን መጠጊያ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።