ልጄ፣ ቤቱን በዝናብ እየው

ልጄ፣ ሶዶ ላይ ከቦረቦሩ አጠገብ ያለውን ቤት ልትገዛ መሆኑን ሰማሁ። ዋጋው ከሌላው ሰፈር ረከስ ማለቱ እንደሳበህም ገብቶኛል። ገንዘቡ ለዓመታት እቁብ እየጣልህ ያጠራቀምኸው ነውና ቀብድ ሳትከፍል ምክሬን ስማኝ።

1. የምትገዛው ምን እንደሆነ እወቅ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገንዘብህ የሚገባው ግድግዳው፣ ጣሪያውና የይዞታ መብቱ ላይ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ቀድሞ የሚወስደው ይህንኑ ያንተን ድርሻ ነው።

2. በበጋ አይተህ አትግዛ። የኛ አገር በልግም ክረምትም ይዘንብበታል። እኔ በወጣትነቴ አንድ ቤት በጥር አይቼ ገዛሁ፤ ግቢው ደረቅ፣ ቀዩ አፈር እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነበር። ሚያዝያ ላይ ጎርፉ በጓሮ ገብቶ በፊት በር ወጣ። የጭቃው ግድግዳ ከሥሩ ራሰ፤ ልጆቼን ታቅፌ ጎረቤት አደርሁ። ሻጩ አልዋሸኝም፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት።

3. ሽቅብ ተመልከት። ሶዶ የዳሞታ ተራራ ግርጌ ናት፤ ከላይ የዘነበው ቁልቁል ይመጣል። ቆርቆሮና አስፋልት በበዛ ቁጥር ደግሞ አፈሩ የሚመጥጠው ውሃ ያንሳል። ቦዩን ተከትለህ ውጣ፤ የመንገዱ ቱቦ ውሃውን የት እንደሚደፋው እይ። በቦረቦሩ አፋፍ ላይ የዛፍ ሥር ተንጠልጥሎ፣ አጥር ወደ ገደሉ አዘንብሎ ካየህ፣ ቦረቦሩ ገና መሬት እየበላ ነው።

4. ደረቅ ወንዝ አትመን። የድሬዳዋው ደጫቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ። የኛም ብላቴ ላይኛው ደጋ ሲዘንብ ቆላው ላይ ይሞላል።

5. ተዳፋትን ፍራ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን ጎፋ፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ መሬት ተንሸራቶ ሰው ቀበረ፤ ሊያወጡ በሮጡትም ላይ ሁለተኛ ናዳ ደረሰባቸው። ከ200 በላይ ወገኖቻችንን አጣን። በዚያው ክረምት የኛም ኪንዶ ዲዳዬ በናዳ ሰው ቀበረች። ከቤቱ በላይ የተሰነጠቀ መሬት ካየህ ዋጋም አትጠይቅ።

6. ደላላው በሌለበት ጎረቤት ጠይቅ። የእድሩን ሽማግሌዎች፣ በተለይ እናቶችን፣ «ውሃው እስከ የት ደረሰ?» በላቸው። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ምክንያቱን ጠይቅ።

7. ካርታውን አይተህ አትርካ። ማዘጋጃ ቤት ሄደህ ቦታው በከተማው ፕላን ለመኖሪያ የተመደበ መሆኑን አጣራ። ካርታ ይዞታው ሕጋዊ መሆኑን እንጂ ውሃ እንደማይደርስበት አይነግርህም።

8. ውሃው ከደጃፍ የማያልፍ ከሆነ ወጪውን አስላ። የድንጋይ መሠረት፣ ከፍ ያለ ወለል፣ የግቢ ቦይ ስንት እንደሚፈጅ ግንበኛ ጠይቀህ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ቦይህ ግን ውሃውን ወደ ጎረቤት ቤት እንዳይልከው። ከላይ ያለው መሬት የሁላችሁም ነው፤ ከሰፈሩ ጋር ሆነህ ዛፍ ትከል፣ እርከን ሥራ። የሁምቦ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከምሳር ጠብቀው ደን አልብሰውታል። እነሱ ከቻሉ የአንድ ሰፈር ሰዎችም ትችላላችሁ።

ፍርዴ ይኸው ነው፤ ውሃው ቤት ውስጥ የሚገባ ከሆነ ወይም ቦረቦሩ ወደ ቤቱ እየተጠጋ ከሆነ፣ በግማሽ ዋጋ ቢሰጡህም አትግዛ። አንድ ዓመት ተጨማሪ ብትከራይ አይጎዳህም፤ እቁብም ዳግመኛ ይወጣል። ዝናቡ ሲጀምር ጥራኝ፤ አብረን ሄደን እናየዋለን።