አንዱ አደጋ ሌላውን ሲጠራ

በዓረቢያ በረሃ የጣለ ዝናብ ለወሎ ገበሬ ምኑ ነው ያሰኝ ይሆናል። ይሁንና በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ሰብልና ግጦሽ ያወደመው የበረሃ አንበጣ መነሻው ያ ዝናብ ነበር። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሉባን የተባሉ ከባድ አውሎ ነፋሶች ከዓረብ ባሕር ተነሥተው የዓረቢያን ደቡብ መቱ። ዝናብ ብርቅ በሆነበት በሩብ አል ኻሊ በረሃ፣ በአሸዋ ክምሮች መካከል ሐይቆች ተፈጠሩ። አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ ሁኔታው ሲመቸው በሦስት ወር ገደማ ቁጥሩ እስከ 20 እጥፍ ያድጋል። ሰው በማይደርስበት በዚያ ምድረ በዳ ሦስት ትውልድ ከተራባ በኋላ መንጋው በየመን በኩል ወደ አፍሪካ ቀንድ ተሻገረ። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ በቀጠናው ከመጠን በላይ የጣለው ዝናብም ጎርፍ ከማስከተሉ ሌላ ለአንበጣው አዲስ መራቢያ ሆነለት።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ ሲገኝ፣ ወረርሽኙ የደረሰው ይህ ሁሉ በተጫነው ሕዝብ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሰው አፈናቀለ።

ጎርፍ ቫይረሱን አይፈጥርም፤ ነገር ግን በየቤቱ ተራርቆ የነበረውን ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰበስባል። መጸዳጃ ቤቶችን አጥለቅልቆ የጉድጓድና የምንጭ ውኃን ስለሚበክል ለኮሌራ መንገድ ይከፍታል። ውኃው ሲጎድል በቀረው ኩሬ የወባ ትንኝ ይራባል። የወባም የኮሮናም ሕመም በትኩሳት ስለሚጀምር በግምት መለየት አይቻልም፤ መመርመር ግድ ነው።

በመጠለያ የሚገኙ ቤተሰቦች አንዱ ከሌላው ቢያንስ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀው እንዲያርፉ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲያደርጉ፣ አጎበርም እንዲዘረጉ ይመከራል። የሚጠጣ ውኃ የፈላ ወይም በክሎሪን የታከመ ይሁን።

ከሁሉ የከፋው ግን ኮሮናን በመፍራት ከጤና ተቋም መራቅ ነው። በኮሌራ የተያዘ ሰው ሕክምና ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ተቅማጥና ትውከት የጀመረውን ሰው፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ በጥብጦ መንገድ ላይም ሳያቋርጡ እያጠጡ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።