ኮምፒዩተሩ ቢታመም ጽሑፉ አይሙት

በኮምቦልቻ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው የማኅበራቸውን አባላት ስምና የዕጣ ክፍያ በኮምፒዩተሩ ጽፎ ያስቀምጥላቸው ነበር። አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ አልነሣ አለ። ልጁ በሌለበት አባትየው ይዘውት ሐረጎን ወጥተው ደሴ ገቡ። ጥገና ቤት ያገኙት ወጣት፣ «አባባ፣ ፎርማት ላድርገው?» ሲል ጠየቃቸው። «እሺ ልጄ፣ ይሁን» አሉ። ኮምፒዩተሩ ዳነ። መዝገቡ ግን ጠፋ። ማኅበሩም ከቤት ቤት እየዞረ ደረሰኝ ሲለቅም ከረመ።

እኛም ታሪኩን ስንሰማ አዘንን። ፎርማት ማድረግ ማለት ማስቀመጫውን ጠርጎ እንደ አዲስ ማሰናዳት ነው። ቃሉን ቢያውቁት ኖሮ «ቆይ!» ይሉ ነበር።

በኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንወቅ። አንዱ እኛ ያስቀመጥነው ጽሑፍና ፎቶግራፍ ነው። ይህ ፋይል ይባላል። ሌላው ሥራውን ሁሉ የሚመራው ፕሮግራም ነው። ይህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ዊንዶውስን ነው። እሱንም ማይክሮሶፍት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ1978 ዓ.ም. አወጣው።

መሪው ፕሮግራም የማኅበር ሊቀ መንበርን ይመስላል። ሊቀ መንበሩ ቢታመም ሥራ ይቆማል። በመጋዘን ያለው እህል ግን አብሮት አይታመምም። መሪው ፕሮግራም የሚታመመው ራሱን ሲያድስ መብራት በድንገት ከጠፋ፣ ቫይረስ ከገባበት ወይም ማስቀመጫው ካረጀ ነው።

እንግዲህ ኮምፒዩተር አልነሣ ሲል ምን እናድርግ?

1. የተሰካ ፍላሽ ካለ እንንቀል። ገመዱን እንይ። አጥፍተን እንደገና እናብራ።

2. ዊንዶውስ መነሣት ደጋግሞ ሲያቅተው የጥገና ገጽ ያወጣል። በዚያ ላይ «ስታርታፕ ሪፔር» የሚለውን እንምረጥ። ይህ መሪውን ለመጠገን ይሞክራል እንጂ ጽሑፋችንን አያጠፋም።

3. ይህም ካልሆነ አስቀድሞ ጽሑፉ ይውጣ። ባለሙያ ሊነክስ የተባለውን ሌላ መሪ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነሥቶ ፋይሉን ብዙ ጊዜ መገልበጥ ይችላል።

4. ከዚያ በኋላ መሪው እንደገና ይጫን። ዊንዶውስ ሁለት ምርጫ ያቀርባል። «ኪፕ ማይ ፋይልስ» ማለት ፋይሌን አቆይ ነው። «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ማለት ሁሉንም አጥፋ ነው። አንብበን እንምረጥ! በመጀመሪያው ምርጫም ቢሆን ሌሎች ፕሮግራሞች ስለሚጠፉ እንደገና ይጫናሉ።

ማስቀመጫው ራሱ ከተሰበረ ግን ጽሑፉም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ብልህ ገበሬ ዘሩን ከሚበላው እህል ለይቶ ያኖራል። እኛም የጽሑፋችንን ቅጂ በሌላ ፍላሽ እናስቀምጥ። የማኅበር መዝገብ ከሆነ በወረቀትም ይኑር። ያልገባንን ቃል ሰምተን «እሺ» ከማለታችን በፊት «ምን ማለት ነው?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ጥያቄዎች

1. የማኅበሩ መዝገብ ለምን ጠፋ?
2. ፋይልና መሪ ፕሮግራም በምን ይለያሉ?
3. እንደገና ከመጫን በፊት ምን መደረግ አለበት?
4. በማኅበራችሁ ያለው መዝገብ ቅጂ አለው? ተወያዩ።