የደመወዝ ሥራና የወላጅ ጡር

በዚህች አጭር ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ በየቤታችን የሚታይ ሲሆን በክፍል ውስጥ ግን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ይኸውም ደመወዝተኛ የሆነች ሴት የሸመገሉ ወላጆቿን በምን ጊዜዋ ትጦራለች የሚለው ነው።

ሴት ከቤት ወጥታ መሥራቷ ለነቀምቴ እንግዳ ነገር አይደለም። አስቴር ጋኖ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ወደ ወለጋ መጥታ በዚሁ ከተማ ካስተማረች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ነገር ግን በገጠር ሥራውም ጡሩም በአንድ ግቢ ነበር፤ ጥጥ የምትፈትል ሴት የታመመች እናቷን እያየች ትፈትላለች። የደመወዝ ሥራ ግን በቀን 8 ሰዓት ከቤት ያርቃል።

አኮ (እኛ ሴት አያታችንን እንዲህ ነው የምንጠራው) በጊምቢ አካባቢ ይኖሩ ነበር። አምና በኅዳር ቡና ሲለቅሙ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። እናቴም 110 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና አስጭና ወደ ነቀምቴ አመጣቻቸው። ገበሬ ስለ ሆኑ የጡረታ አበል የላቸውም። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። እናቴ በአንድ የግል ድርጅት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ እንግዲህ እርሷ ሥራ ላይ ሳለች አኮን የሚያገላብጥ ሌላ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል ብዬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አነበብሁ። ለምትወልድ ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ይህም መልካም ነው። ወላጅ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቀዳል። ልዩና ከባድ ችግር ሲደርስ ግን የሚሰጠው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ፣ በበጀት ዓመቱም ከ2 ጊዜ አይበልጥም። እናትን ለመቅበር ደመወዝ ይከፈላል፤ እናትን ለማስታመም ግን አይከፈልም! እናቴ ይህን ሳነብላት ሳቀች፤ እኔ ግን አላሳቀኝም። የዓመት ፈቃዷንማ በመጀመሪያው ወር ጨርሳዋለች።

ከዚያ በኋላ የማስታመሙ ተራ የእኔ ሆነ። ትምህርቴ በከሰዓት ፈረቃ ስለ ነበረ ጧት ጧት አኮን እጠብቃለሁ፤ እናቴ ለምሳ መምጣት ባልቻለችበት ቀን ደግሞ ከትምህርት ቤት እቀራለሁ። የሒሳብ ውጤቴ ለምን እንደ ወረደ መምህሬ አሁን ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ እንዲሰጡ ያዝዛሉ። በዚህ ግዴታ ወንድና ሴት አይለዩም። በልማድ ግን ወንዱ ገንዘብ ይልካል፤ ሴቷ ቀኗን ትሰጣለች። አጎቴም በየወሩ ገንዘብ ይልኩልን ነበር፤ ስለዚህ አላማቸውም፤ ነገር ግን ገንዘብ ሰው አያገላብጥም። ይህንኑ በደብዳቤ ጻፍሁላቸው። እናቴ «ደፋር!» ብላ ተቆጣችኝ።

አጎቴ በጥር መጥተው 10 ቀን ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን የእናታቸውን ገላ መንካት አፈሩ። በሦስተኛው ቀን ግን ትራሱን ከጀርባቸው ሥር እንዴት እንደሚያስገቡ አሳየኋቸው፤ በእነዚያ ቀኖችም ከትምህርት ቤት አንድ ቀን እንኳ አልቀረሁም።