ዕቃው ቤትዎ እስኪገባ ስንት ያወጣል?

ቴሌግራም ላይ የተለጠፈው የፍሪጅ ፎቶ «ነፃ ዴሊቨሪ» ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ «ለክፍለ ሀገር በአውቶብስ እንልካለን» የሚል አለ። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ለሚኖር ሰው የተጻፈው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ለቦሌና ለገርጂ ነው። ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ አድርጎ ነቀምቴ እስኪደርስ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ በዚህ መንገድ ላይ የሚጨመረው ሁሉ የገዢው ወጪ ነው።

ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት አንድ ቁጥር ይፈልጉ። ዕቃው ቤትዎ ገብቶ፣ የመጨረሻው ወር ክፍያም አልቆ፣ ከኪስዎ በጠቅላላ የሚወጣው ስንት ብር ነው? ይህን ሻጩ አይነግርዎትም፤ ወረቀት ይዘው ራስዎ ይደምሩት።

ዋጋው በግልጽ ተጽፏል?

«ዋጋ በኢንቦክስ» የሚል ሻጭ ለእያንዳንዱ ገዢ እንደ ሁኔታው ሊቆርጥ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን ለሸማቹ በሚታይ ሁኔታ እንዲያሳውቅ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ያዛል፤ ስልክ ላይ መነገድ ከዚህ ነፃ አያወጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። «ይህ ዋጋ እስከ መቼ ይጸናል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ቀብድ ከፍለው ሲያበቁ «ዶላር ጨምሯል» ቢባሉ የሚከራከሩበት ያ ጽሑፍ ብቻ ነው።

«ይላካል» ሲባል እስከ የት ነው?

ብዙውን ጊዜ እስከ መናኸሪያ ነው። ዝርዝሩን እንየው። ከሻጩ ሱቅ እስከ አዲስ አበባ መናኸሪያ የታክሲ፣ እዚያ የጫኝ፣ ለአውቶብሱ የጭነት፣ ነቀምቴ ላይ የአውራጅ፣ ከዚያ ጨለለቂ ድረስ የባጃጅ። ፍሪጅ ወይም ትልቅ ቴሌቪዥን ከሆነ ባጃጅ ስለማይችለው ሌላ መኪና ይፈለጋል። ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲ ወይም ደምቢ ዶሎ ያለ ሰው ቀጥታ መኪና ካላገኘ ነቀምቴ ላይ ማውረድና እንደገና ማስጫን ይጨመርበታል። ከዚህ ሁሉ ጫኝና አውራጅ ጋር የሚደረገው ድርድር ነው ሰው የሚረሳው። ዕቃው መሬት ከነካ በኋላ መከራከር ዋጋ የለውም፤ ሳይወርድ ይስማሙ።

ገንዘቡን ካወቁ በኋላ ኃላፊነቱን ይጠይቁ። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ቢደርስ ሻጩ «ደኅናውን ነው የጫንኩት» ይላል፤ የአውቶብሱ ረዳት ደግሞ «እንደታሸገ ነው ያመጣሁት» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ዕዳው ግን እርስዎ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሻጩ ዕቃውን ሲያሽግ ቪዲዮ እንዲያነሣ፣ የአውቶብሱን ታርጋና የረዳቱን ስልክ እንዲልክ፣ በመንገድ ለሚደርስ ጉዳትም ማን እንደሚጠየቅ በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ያድርጉ። ነቀምቴ ሲደርስ ካርቶኑን ረዳቱ ፊት ይክፈቱ፤ እርስዎም ቪዲዮ ያንሡ። ቤቴ ወስጄ አየዋለሁ ካሉ ክርክሩ ያኔ አበቃ።

ስለ ፍሪጅ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሻጮች ስለማይናገሩት። ፍሪጅ ቆሞ ነው መጓዝ ያለበት። በአውቶብስ ጣራ ላይ ተጋድሞ ከመጣ የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ሊፈስ ስለሚችል፣ ቤት ገብቶ ቆሞ ጥቂት ሰዓታት ሳይቆይ አይሰኩት። በጉጉት ወዲያው ተሰክቶ የተቃጠለ ሞተር ዋስትና ቢኖረውም ማስረዳቱ ቀላል አይደለም።

የመድረሻ ቀን ከተቆረጠልዎም በሰፊው ያስቡ። በወለጋ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ለሠርግ ወይም ለበዓል የሚፈለግ ዕቃ በዋዜማው ባይታዘዝ ይሻላል።

የወር ክፍያው ስንት ይጠይቃል?

በየወሩ እየከፈሉ ዕቃ መውሰድ አዲስ ነገር አይደለም። የሲንጀር ስፌት መኪና ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ይህን አሠራር የጀመረው በፈረንጆቹ 1856 ነው፤ አንድ ጊዜ ከፍሎ መግዛት የማይችል ቤተሰብ መኪናውን ቤቱ አስገብቶ ቀስ እያለ ይከፍል ነበር። ዛሬ እኛ ዘንድ የዳሸን ባንክ «ዱቤ አለ» የሚባል አገልግሎት አለ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ከተጀመረ በኋላ በ2014 «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ ብድሮች መጡ። ከስንቄ ባንክ፣ ከመሥሪያ ቤት ቁጠባና ብድር ማኅበር ወይም ከሱቁ ከራሱ የሚወስድም አለ። ሁሉም በወር የሚከፈለውን ትንሿን ቁጥር ያስቀድማሉ።

ትልቁን ቁጥር እናውጣ። ለምሳሌ ያህል የዕቃው ዋጋ 48,000 ብር ነው እንበል። 12,000 ቀድመው ከፈሉ፤ ቀሪው 36,000 «በ15 በመቶ» በ12 ወር ይከፈላል ተባሉ። ወለዱ 5,400 ይሆናል፤ በወር 3,450 ማለት ነው። ደኅና ይመስላል። ነገር ግን 36,000ው ዓመቱን ሙሉ በእጅዎ አልቆየም፤ በየወሩ እየመለሱት ነው። በአማካይ የተበደሩት 20,000 ገደማ ሲሆን 5,400 የተከፈለው ለእሱ ነው። እውነተኛው ወለድ ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ጥያቄው «ወለዱ ስንት ነው?» ብቻ አይሁን፤ «የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በተበደርኩት?» ይበሉ። «ወለድ የለውም» የሚል ሱቅ ካጋጠመዎት ደግሞ «አሁኑኑ እጅ በእጅ ብከፍል ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ዋጋው ከወረደ ልዩነቱ ወለድ ነበር።

የወለጋ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ሌላም ነገር አለ። የወር ክፍያ የተሠራው ለደመወዝተኛ ነው። ቡና የሚሸጥ፣ በቆሎ የሚያመርት ወይም ለእነሱ የሚነግድ ሰው ግን ገንዘብ የሚያገኘው ከምርት በኋላ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ጭር ይላሉ፣ መስከረም ላይ የልጆች ትምህርት ይመጣል። በጥር የተፈረመ የ3,450 ብር ውል በነሐሴ ሌላ ብድር ያስገባል። ከሱቁ ጋር የሚዋዋሉ ከሆነ ብዙውን ከምርት በኋላ ልክፈል ብለው ይደራደሩ፤ ለሚያውቀው ደንበኛ እሺ የሚል ነጋዴ ነቀምቴ ውስጥ ይገኛል፣ የስልክ መተግበሪያ ግን እሺ አይልም። ዕቃው ለነገ ካልሆነ ደግሞ ዕቁብ ያስቡ። አሥራ ሁለት ሰዎች በወር 4,000 ቢጥሉ ያው 48,000 ይወጣል፣ ወለድ የለውም። ችግሩ ዕጣው መጨረሻ ላይ ከደረሰዎት የዕቃው ዋጋ ቀድሞዎት ሊሄድ መቻሉ ነው።

ካልከፈሉ ምን ይሆናል?

ሦስት ነገር ይጠይቁ። ዕቃው እስከ መጨረሻው ክፍያ የማን ነው? የዘገየ ወር ቅጣቱ ስንት ነው? ዋስ ያስፈልጋል ወይ? ዋስ ሆኖ የሚፈርምልዎት የሥራ ባልደረባ ወይም አማች እርስዎ ሲያቅትዎ ከፋይ እሱ ነው፤ ይህን ሳይነግሩት አያስፈርሙት። በክፍያ የሚሸጥ ስልክና የፀሐይ መብራት ክፍያው ሲዘገይ ከሩቅ ሊቆለፍም ይችላል። ኬንያ ውስጥ ኤም-ኮፓ የተባለው ኩባንያ በፀሐይ መብራት የጀመረው፣ በኋላም ወደ ስልክ የወሰደው አሠራር ይኸው ነው።

ኔትወርክ ባይኖርስ?

በ2012 በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ክፍያዎ በስልክ ብቻ ከሆነ መስመር ሲጠፋ ቅጣት እንደማይቆጠርብዎት፣ በባንክ መስኮት መክፈል እንደሚቻልም ያረጋግጡ። የከፈሉበትን የግብይት ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ስክሪንሹት ከስልኩ ጋር ይጠፋል።

የቱን ይዘዙ፣ የቱን እዚሁ ይግዙ?

መጽሐፍ፣ ጫማ፣ የስልክ ዕቃ፣ የልጆች ልብስ ከሩቅ ቢታዘዝ ግድ የለም። ማቀዝቀዣ፣ ምድጃ፣ ቴሌቪዥን ግን ጥቂት ሺህ ብር ቢጨምርም ነቀምቴ ቢገዛ እመርጣለሁ። መብራቱ ወጣ ገባ ስለሚል እነዚህ ዕቃዎች ይበላሻሉ፣ ሲበላሹ ተሸክመው የሚመለሱበት ሱቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዘመድ ካለዎት ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት ሄዶ ዕቃውን እንዲያይልዎ ይላኩት።

ጉድለት ቢገኝበትስ?

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ጉድለት ላለው ዕቃ አይሠራም። በአዋጅ 813/2006 መሠረት ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከግዢው ስለሆነ ዕቃው መንገድ ላይ የሚያድርባቸው ቀናት ይቀነሱብዎታል፤ እንደደረሰ ይሞክሩት። የመመለሻውን ጭነት ማን እንደሚከፍልም አስቀድመው ይስማሙ። ደረሰኙ ላይ የሻጩ ስም፣ አድራሻና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መኖሩን ይዩ። ያ ከሌለ ለንግድ ጽሕፈት ቤት ይዘው የሚቀርቡት የቴሌግራም ስም ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ሻጩ በአንድ ደቂቃ ይቀይረዋል።