የዝግባ ጣውላ ጠባይና ለአናጢ ሥራ ያለው ጥቅም

ለጣውላ ነጋዴ ከሚቀርቡለት ቅሬታዎች ሁሉ የሚከብደው የዋጋ ቅሬታ አይደለም። ደምበኛው በጥቅምት ወስዶ በር ያሠራበት ጣውላ በጥር ወር ተጣሞ፥ መጋጠሚያው ተላቆ ሲያገኘው፥ የተሸጠለት እንጨት መጥፎ ነው ብሎ ይመለሳል። ነጋዴው አናጢውን፥ አናጢውም ነጋዴውን ይወቅሳል። በዝግባ ላይ ይህ ክርክር ይበልጥ ይበረታል፤ ዝግባ የሚወደድበት ጠባይና በደምበኛ ፊት የሚያሳፍርበት ጠባይ ከአንድ ምንጭ የሚወጡ ናቸውና።

ዝግባ በኦሮምኛ ቢርቢርሳ፥ በሲዳምኛ ዳጉቾ ይባላል። በምሥራቅ አፍሪካ የጣውላ ንግድ ከቅርብ ዘመዶቹ ጋራ «ፖዶ» በሚል ስም ይሸጣል፤ በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ስለ መልኩ «ቢጫ እንጨት» ይሉታል። በአርሲ፥ በባሌ፥ በሲዳማና በጉጂ ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅል፥ ቁመቱ ከ40 ሜትር በላይ ሊደርስ የሚችል ታላቅ ዛፍ ነው።

ከውጭ አገር ጋራ የሚጻጻፍ ነጋዴ አስቀድሞ አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባዋል። በዓለም የእንጨት ገበያ «ለስላሳ» እና «ጠንካራ» የሚባለው ክፍያ የጥንካሬ መለኪያ ሳይሆን የዛፍ ዘር መለያ ነው። ለስላሳ የሚባሉት እንደ ጥድና እንደ ዝግባ ያሉት ናቸው፤ ጠንካራ የሚባሉት ሰፊ ቅጠል ያላቸው አበባ አበቦች ዛፎች ናቸው። ስለዚህ ክብደቱ ከዝግባ እምብዛም የማይበልጠው ዋንዛ በደረሰኝ ላይ «ጠንካራ» ተብሎ ቢገኝ ስሕተት አይደለም። ቃሉን ብቻ አይቶ «ጠንካራ ብዬ ያዘዝሁት ለስላሳ ሆኖ መጣ» ብሎ ሙግት የሚያነሣ ግን ይረታል።

የደረቀ ዝግባ አንድ ሜትር ኩብ ብዙውን ጊዜ ከ450 እስከ 550 ኪሎ ይመዝናል። መልኩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ የግንዱ ልብና ዳሩ በቀለም አይለያዩም፤ የዕድሜ ቀለበቶቹም ደብዛዛ ናቸው። ሙጫ የለውም፤ ሲደርቅም አይሸትም። ይህን ያወቀ ነጋዴ በሱቅ ውስጥ በቀላሉ አይታለልም። ጥድ ቀላና ሽታው የታወቀ ነው። የፈረንጅ ጥድም ሲላግ ይሸታል፤ ጉጡም ይበዛል። ከዝግባ ጋራ ሊያሳስት የሚችለው ቀረሮ ነው፤ እርሱንም ለመለየት የጣውላውን ጫፍ በስለታም ቢላዋ ቆርጦ በማጉያ መነጽር ማየት ይበቃል። በቀረሮ ጫፍ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ በዝግባ ግን አይታዩም።

ቀዳዳ የማይታይበት ምክንያት የዝግባ አካል ከሞላ ጐደል በሙሉ እጅግ ቀጫጭንና እኩል የሆኑ ቱቦዎች ተጋጥመው የሠሩት በመሆኑ ነው። ከዚህ የተነሣ መጋዝና መላጊያ በቀላሉ ይገቡለታል፤ ገጹ ልሙጥ ይሆናል፤ ኮላና ቀለም ይይዛል። ሽታና ሙጫ ስለሌለው ለወጥ ቤት መደርደሪያና ለምግብ ሣጥን ይመረጣል። ለኮርኒስ፥ ለበር፥ ለቁም ሣጥን፥ ለኮምፔንሳቶም ያገለግላል። ነገር ግን እነዚያው ቱቦዎች ውሃንም እንደዚሁ በቀላሉ ያስገባሉ፥ ያስወጣሉም። ዝግባ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ፈጥኖ የሚደርቅ እንጨት ደግሞ ጠባቂ ካላገኘ ፈጥኖ ይሰነጠቃል፥ ይጣመማልም።

የመሸብሸቡን ጉዳት በሒሳብ ማየት ይጠቅማል። እያንዳንዳቸው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አምስት እርጥብ ጣውላዎች ተጋጥመው የአንድ ሜትር ገበታ ቢሠራባቸው፥ እንጨቱም በደረቀ ጊዜ ከመቶ ሦስት ብቻ ቢሸበሸብ፥ ገበታው በወርዱ 3 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ይህን የሚሸፍን ኮላ የለም።

እርጥበቱን ለማወቅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መለኪያ አለ፤ እርሱ ለሌለው ሚዛንና ምድጃ ይበቃሉ። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ከመካከሉ ቁራጭ ተወስዶ ይመዘናል፤ ከዚያም በ103 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይደርቃል። የመጀመሪያው ክብደት 620 ግራም፥ የኋላው 500 ግራም ቢሆን፥ የጠፋው 120 ግራም ለ500 ተካፍሎ 24 ከመቶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጣውላ ለአዲስ አበባ የቤት ውስጥ ዕቃ ገና አልደረሰም፤ ወደ 12 ከመቶ ሊወርድ ያሻዋል። ከ20 ከመቶ በላይ እርጥበት ይዞ አየር በሌለበት መጋዘን የተከመረም እንደ ሆነ ሻጋታ ይይዘውና ሰማያዊ ነጠብጣብ ያወጣል። ነጠብጣቡ ጥንካሬውን እምብዛም ባይነካውም ዋጋውን ይጥላል፤ ቢጫው ዝግባ የሚገዛው ለመልኩም ጭምር ነውና።

አደራደሩ ብዙ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ክምሩ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከጣራ በታች ይቆማል። በየረድፉ መካከል ውፍረታቸው እኩል የሆነ መለያ እንጨቶች በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ገደማ ይገባሉ፤ የላይኛው ከታችኛው ጋራ በአንድ መስመር ላይ መዋል አለበት፤ ያለዚያ ጣውላው በመለያዎቹ መካከል ይጐብጣል። ጫፎቹ ቀለም ይቀባሉ፤ በላዩም ከባድ ነገር ይጫናል። ብዙ ሠራተኞች መለያውን ያገኙትን ቁርጥራጭ ሁሉ እያገቡ ይሠሩታል፤ ከዚህ ቍጠባ የሚገኘው ትርፍ ግን በጠማማው ጣውላ ተመልሶ ይከፈላል።

በሚገባ ደርቆም ቢሆን አልታረቅ የሚል ጣውላ ያጋጥማል። ይህ አዘምሞ ካደገ ዛፍ የወጣ ነው፤ በተጫነው ወገን የበቀለው እንጨት ከሌላው ይልቅ በርዝመቱ ስለሚሸበሸብ ጣውላውን እንደ ቀስት ያጐብጠዋል። ቀለም የሚጠጣውም ወጥ ሆኖ አይደለም። ለቫርኒሽ ሥራ እንዲህ ያለውን አስቀድሞ ለይቶ ለሣጥንና ለማይታይ ቦታ መተው ይሻላል። ሚስማርም በዝግባ ጫፍ ላይ ሲመታ እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ልባም አናጢ በመሰርሰሪያ ይቀድማል፥ ወይም የሚስማሩን ጫፍ በመዶሻ ያደነዝዘዋል።

ዝግባ ከአፈርና ከዝናብ ጋራ አይስማማም። ለአጥር ምሰሶ ጥድ ዘመናት የሚቆይበት ቦታ ላይ ያልታከመ ዝግባ ቢተከል ምስጥና ብስባሴ ይጨርሱታል። እዚህ ግን የቱቦዎቹ ጠባይ ወደ ጥቅም ይመለሳል፤ ውሃን እንደ ጠጣ መድኃኒትንም ይጠጣልና። ደርቆ በግፊት ኀይል በክሬዎሶት የተነከረ እንደ ሆነ በውጭም ያገለግላል፤ ለቤት ውስጥ ሥራ የቦራክስና የቦሪክ አሲድ ውሁድ ይበቃዋል። በብሩሽ የሚቀባው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ግን ገጹን ከማጥቆር በቀር የሚታመን ጥበቃ አይሰጥም። የተነከረም እንጨት ለምግብ ዕቃ ከቶ አይውልም።

የዝግባ ነገር ሲነሣ የሕጉ ነገር አይቀርም። የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዝግባን፥ ጥድን፥ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሏል። ያ አዋጅ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ተተክቶ በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1065 ወጥቷል፤ ስለሆነም ከየት እንደ ተቆረጠና በማን ፈቃድ እንደ ተጓጓዘ የሚያስረዳ ወረቀት የሌለው የዝግባ ጭነት ርካሽ መስሎ ቢታይም ለገዢው አደጋ ነው። በቦታው በብዛት የገቡት ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡት የፈረንጅ ጥድና ፓቱላ ጥድ ናቸው። ሁለቱም ፈጥነው ያድጋሉ፤ ይሁን እንጂ ከጉጥ የጠራ ሰፊ ጣውላ ለሚሻ ሰው የዝግባን ቦታ በሙሉ አይሞሉም።

ስለዚህ አሮጌ ቤት በሚፈርስበት ጊዜ የሚወጣው የዝግባ ወለልና ኮርኒስ ዛሬ ፈላጊው ብዙ ነው፤ የሚገባውም ነው። ለብዙ ዓመታት በጣራ ሥር ደርቆ የኖረ እንጨት መሸብሸቡን ጨርሷልና ለቤት ዕቃ እምብዛም አያሳስብም። ገዢው ሁለት ነገር ይመርምር። አንደኛው ተሰብሮ ውስጥ የቀረ ሚስማር ነው፤ በማግኔት ካልተፈለገ የመላጊያ ማሽንን ስለት በአንድ ጊዜ ያበላሻል። ሁለተኛው በገጹ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎች ናቸው። ጣውላው በመዶሻ ሲመታ ከቀዳዳዎቹ ነጭ ትኩስ ዱቄት የረገፈ እንደ ሆነ እንጨት በል ጥንዚዛው ገና በውስጡ አለ ማለት ነው፤ ያን ጣውላ ሳይታከም ከሌላው ዕቃ ጋራ በአንድ መጋዘን ማሳደር አይገባም።